ከልስኑ የማይላቀቅ ክርክር

የስፔን አሳሾችንና ቅኝ ገዥዎችን የሚያሞግስ ሥዕል ተሸፈነ፣ ሐውልት ተነሣ የሚል ዜና ከአሜሪካ በየጊዜው እንሰማለን። ነገሩ «ታሪክ ይጠበቅ» በሚሉና «ግፍ አይወደስ» በሚሉ ወገኖች መካከል ያለ ሙግት ነው ይባላል። ነው። የግድግዳ ሥዕል ጉዳይ ለምን እልባት እንደሚያጣ ግን በዚህ ብቻ አይገባንም።

ተገቢውን ትኩረት ያላገኘው ምክንያት ልስኑ ይመስለኛል። በሰኔ 2020 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒው ሜክሲኮ ተቃውሞ ሲበረታ የስፔናዊው ቅኝ ገዥ የሁዋን ደ ኦኛቴ ሐውልቶች ከአልካልዴና ከአልበከርኪ በሁለት ቀን ውስጥ ተነሡ። ሐውልት መጋዘን ይገባል፤ ወደ ሙዚየምም ይዛወራል። ልስን ላይ የተሣለ ሥዕል ግን በቀላሉ ቦታ አይቀይርም።

በኢንዲያና የሚገኘውን የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ እንይ። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ግሬጎሪ ከ1882 እስከ 1884 የኮሎምበስን ታሪክ በዋናው ሕንፃ መተላለፊያ ላይ በ12 ሥዕሎች ሣለ። ጊዜው የካቶሊክ ስደተኞች በአሜሪካ የሚናቁበት ነበርና ኮሎምበስ የኩራታቸው ምልክት ሆነ። ሠዓሊው ለአንዳንዶቹ ፊቶች ሞዴል ያደረገውም የዩኒቨርሲቲውን ሰዎች ነው። በአንደኛው ሥዕል ኮሎምበስ ከጉዞው ተመልሶ ያመጣቸውን ነባር አሜሪካውያን ለስፔን ነገሥታት ያቀርባል። ይኸው ትዕይንት በ1893 በ10 ሳንቲም ቴምብር ላይ ወጥቷል። ቴምብሩን ያልወደደ አልበሙን ይዘጋል፤ በመተላለፊያው የሚመላለስ የነባር አሜሪካውያን ልጅ ግን ግድግዳውን ምን ያድርገው?

በጥር 2019 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አባ ጆን ጄንኪንስ ሥዕሎቹ እንዲሸፈኑ ወሰኑ። በቀጥታ ልስን ላይ ስለተሣሉ ማንሣቱ ሊጎዳቸው እንደሚችል፣ ሰው የሚበዛበት መተላለፊያም ታሪክን በጥሞና ለማጤን እንደማይመች ገለጹ። አልፎ አልፎ ብቻ ሊገለጥ የሚችል መሸፈኛ ተመረጠ።

ይህ ያስታርቃል? እጠራጠራለሁ። ሥዕሉ የተከፋበትም የሚሟገትለትም እንደፈለገ የማያየው ሆኗል፤ መቼ ይገለጥ የሚለውም የአስተዳደር ውሳኔ ነው። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ተማሪ ሥዕሉን ሳያይ በወሬ ይፈርዳል።

እርግጥ መነሣት መቻልም የራሱ መዘዝ አለው። የጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በጨርቅ ተሥለው የተለጠፉ ስለነበሩ በ1932 የፈረንሳዊው የባህል አጥኚ የማርሴል ግሪዮል ቡድን በቅጂ ተክቶ ወደ ፓሪስ ወስዷቸዋል። ቢሆንም የሚነሣ ሥዕል ቢያንስ ከመተላለፊያ ወደ አዳራሽ ሊዛወር፣ ማብራሪያ ተጽፎለትም ሊታይ ይችላል።

ለተሸፈኑት፣ የታወቀ የመገለጫ ቀንና አጠገባቸው የሚቆም ማብራሪያ ይኑራቸው። አዲስ የግድግዳ ሥዕል የምታሠሩ ደግሞ በሚነሣ ሰሌዳ ላይ አሠሩ፤ የልጅ ልጆቻችሁ በጀግናችሁ ላይስማሙ ይችላሉ።