የወንድ ካንጋሩዎች የበላይነት ፉክክር

የወንድ ካንጋሩዎች የበላይነት ፉክክር በአንድ መንጋ አካባቢ የሚኖሩ ወንዶች ከሴቶቹ ጋር ለመራባት ቅድሚያ የሚሰጠው ማን እንደሆነ የሚለዩበት የጉልበት መፈተሻ ነው። ካንጋሩ ግልገሉን በሆድ ኪስ የሚያሳድግ የአውስትራሊያ ጡት አጥቢ እንስሳ ሲሆን፣ ፉክክሩ በቀይ ካንጋሩና በምሥራቃዊ ግራጫ ካንጋሩ ዘንድ ጎልቶ ይታያል።

መንስኤ

ካንጋሩዎች የግል ግዛት አይከልሉም። ወንዶቹን በዋናነት የሚያጣላቸው ለስሪያ የደረሰች ሴት ናት። የበላይ የሆነው አውራ የብዙ ግልገሎች አባት የመሆን ዕድል ሲኖረው፣ ደካሞቹ አንድም ሳይወልዱ ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ የሰውነት ግዝፈት ትልቅ ጥቅም አለው። ወንድ ቀይ ካንጋሩ ከ80 ኪሎግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ሴቷ ግን ብዙውን ጊዜ ከ40 ኪሎግራም አትበልጥም። የወንዱ የፊት እግሮችና ትከሻዎችም ከሴቷ ይልቅ እጅግ የፈረጠሙ ናቸው።

ማስፈራራት

አብዛኛው ፉክክር ያለ ድብድብ ያልቃል። አውራው ቀጥ ብሎ በመቆም ቁመቱን ያሳያል፤ ሣር ይነጫል፤ ደረቱን በሣርና በቁጥቋጦ ላይ እያሻሸ ጠረኑን ይተዋል። በአካል የሚያንሰው ወንድ ይህን አይቶ ገለል ይላል።

ድብድብ

ሁለቱ ወንዶች በአካል ሲመጣጠኑ ማስፈራራቱ ብቻ አይበቃም። ፊት ለፊት ቆመው በፊት እግሮቻቸው ይያያዛሉ፤ ዓይናቸውን ከጥፍር ለመከላከልም ራሳቸውን ወደ ኋላ ይጥላሉ። ምንም እንኳ በተለምዶ «ቦክስ» ቢባልም፣ አንዱ ሌላውን ገፍቶ ለመጣል ስለሚሞክር ይበልጥ ትግል ይመስላል። ከዚያ አንዱ በጅራቱ ተደግፎ በሁለቱ የኋላ እግሮቹ የተቀናቃኙን ሆድ ይረግጣል። የሆዱ ቆዳ ወፍራም መሆኑ ጉዳቱን ይቀንሳል። ተሸናፊው ሲሸሽ ድብድቡ ያበቃል፤ አልፎ አልፎ ግን ከባድ ጉዳት ይደርሳል።

ግልገሎች ከእናታቸው ጋር፣ ወጣት ወንዶችም እርስ በርሳቸው በጨዋታ መልክ ይታገላሉ።

ከድል በኋላ

አሸናፊው ሴቷን እየተከተለ ሌሎች ወንዶችን ያርቃል። ይሁን እንጂ የበላይነቱ ዘላቂ አይደለም፤ አውራው ሲያረጅ ወይም ሲዳከም ሌላ ጠንካራ ወንድ ቦታውን ይወስዳል። የበታች ወንዶችም አውራው ሳያይ ከሴቶች ጋር የሚገናኙበት ጊዜ አለ።

ከሰው ጋር

ወንድ ካንጋሩ ፊት ለፊቱ ቀጥ ብሎ የቆመን ሰው እንደ ተቀናቃኝ ሊቆጥር ይችላል። በዚህም የተነሳ ወደ ትልቅ ወንድ ካንጋሩ አለመጠጋት ይመከራል።