ወረቀቱ «ኖርማል» ቢልም…

አንዲት የ46 ዓመት ታካሚ ላጫውታችሁ፤ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ነገር ቀይሬዋለሁ። ክብደቷ 104 ኪሎ፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ68 ነው። ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ሊፍት በተበላሸ ቁጥር ደረጃው መሐል ቆማ ካላረፈች አትደርስም። «ዶክተር፣ ውፍረቱ ነው እንጂ ልቤስ ደህና ነው፤ ይኸው ተመርምሬያለሁ» ብላ የላብራቶሪ ወረቀቷን ዘረጋችልኝ።

እውነቷን ነው፣ ልብን የሚመለከተው ምርመራ «ኖርማል» ይላል። ኤንቲ ፕሮ ቢኤንፒ ይባላል፤ ልብ ጫና ሲበዛበትና ሲወጠር ወደ ደም የሚለቀው ንጥረ ነገር ነው። የእሷ 110 ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ወሰን ደግሞ 125።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ወፍራም ሰዎች ላይ ይህ ቁጥር ልባቸው እየታመመም ቢሆን ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ የሰውነት ክብደት መለኪያቸው (ኪሎው ለቁመት ካሬ ሲካፈል) ከ35 እስከ 40 ለሆነ ሰዎች ወሰኑን በ30 በመቶ ገደማ ዝቅ አድርገን እንድናነብ ይመከራል። የእሷ 37 ገደማ ነው። 125 በ30 በመቶ ሲቀነስ 88 አካባቢ ይመጣል። 110 እንግዲህ ኖርማል አይደለም ማለት ነው!

ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ አዘዝኩላት። ልቧ ደም ይገፋል፣ ግን ግድግዳው ደንድኖ በደንብ ላልቶ ደም መቀበል አቅቶታል። ይህ የልብ ድካም ዓይነት ወፍራም ሰዎች ላይ በብዛት የሚታይ ነው፤ ትንፋሽ ማጠሩን ሁሉም ሰው በኪሎው ስለሚያሳብበው ሳይታወቅ ይቆያል። (እኛም ሐኪሞች ጭምር፣ ልዋሽ አልችልም።)

ኮሌስትሮሏም እንደዚሁ ነበር። «መጥፎው» የሚባለው ኤልዲኤል 125 ስለሆነ ማንም አላሰመረበትም። ትራይግሊሰራይድ ግን 240፣ ኤችዲኤል 32። ይህ ጥምረት ውፍረት ባለበት የተለመደ ነው፤ ቅባቱን የሚሸከሙት ቅንጣቶች ትንንሽና ብዙ ይሆናሉ፣ ኤልዲኤል ደግሞ ጭነቱን እንጂ የቅንጣቶቹን ብዛት አይነግረንም። ብዛቱን የሚለካው አፖ ቢ የሚባል ምርመራ ነው፣ ሁሉም ላብራቶሪ ግን አይሠራውም። ካላገኛችሁ ወረቀታችሁን አውጡና ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን ቀንሱ፤ ተጨማሪ ብር አያስወጣም፣ መጾምም አይጠይቅም። የእሷ 205 ሲቀነስ 32፣ 173 መጣ። ብዙ ጊዜ ከ130 በታች እንዲሆን ነው የምንፈልገው።

«ሲአርፒ ተሠርቶልኝ ኔጌቲቭ ነው» የምትሉኝም አላችሁ። የተለመደው ሲአርፒ ኢንፌክሽን ለመፈለግ ነው፤ ለልብ የሚጠቅመው ከፍተኛ ጥራት ያለው፣ ከ3 በታች ያለውን ትንሽ ልዩነት የሚለየው ነው። የሆድ ስብ ራሱ ስለሚያስቆጣው ግን ወፍራም ሰው ላይ ብቻውን ብዙ አይነግረኝም። ጉንፋን ይዟችሁ ከሆነ ደግሞ ለዚህ ዓላማ ባትሠሩት ይሻላል።

እና አንድ ነገር፦ ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ላብ ላብ ማለት፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ የደም ምርመራ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ታካሚዬ መድኃኒት ጀምራለች፣ ክብደቷንም እየተከታተልን ነው። ባለፈው ስትመጣ ጥያቄዋ ስለ ራሷ አልነበረም፤ «ወንድሜም እንደኔ ነው፣ የእሱንም ወረቀት ላምጣልህ?» አለችኝ። አምጪው አልኳት።