ያገለገለ ራቭፎር ሲገዛ ከቀለሙ ይልቅ ካምቢዮው ይታይ

በቦሌና በገርጂ የመኪና መሸጫዎች ደጃፍ ተወልውለው ከሚቆሙት መካከል የቶዮታ ራቭፎር ፈላጊ አያጣም። ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም ካስታወቀ ወዲህ፣ ገዥ የሚያማርጠው በአብዛኛው ቀድሞ ከገባው ነው። የአንዱ ባለንብረት ጣጣም ለሌላው ይተላለፋል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩት አውቶማቲኮች የታወቀ ችግር አለባቸው፤ ማርሽ ሲቀይሩ ይገፈትራሉ። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከካምቢዮው ሳይሆን ካምቢዮውን ከሚያዘው ኮምፒዩተር ነው። በጊዜው ካልተጠገነ ግን ካምቢዮውንም ይዞት ይሄዳል፤ ወጪው ያን ጊዜ ነው። ደላላው በሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ሲያዞር ላይታይ ስለሚችል፣ መኪናው በደንብ እስኪሞቅ ከቦሌ እስከ ሲኤምሲ ራስ ነድቶ ማየት ይበጃል።

ከ2006 እስከ 2008 የተሠሩት ባለ 2.4 ሊትር ሞተሮች ደግሞ ዘይት የመብላት ጠባይ አላቸው። ዘይቱን መለካት ብቻውን አያዋጣም፤ ሻጩ በዋዜማው ሞልቶት ይሆናል። ከማርሚታው የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ የተሻለ ምስክር ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንማ ማመን የዋህነት ነው፤ ያለቀ የፍሬን ፔዳልና የተላጠ መሪ ይልቅ እውነቱን ይናገራሉ።

ቀብድ ከመከፈሉ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፤ የባንክ ዕዳ ወይም ዕግድ እንዳለበትም የመኪናው ፋይል ካለበት ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ። ሻጩ የያዘው ውክልና ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩም መጣራት አለበት፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራልና።