የጨርጨር ነጋዴና «ቪ8»፦ ሀብት ወይስ የቆመ ገንዘብ?

በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ የነጋዴ ዕድገት የሚለካው በሚይዘው ተሽከርካሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሞተር ሳይክል የጀመረ ፒክአፕ ይገዛል፤ ፒክአፕ የያዘ አይሱዙ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ዐይኑ የሚያርፈው በትልቁ ላንድክሩዘር፣ በተለምዶ «ቪ8» በሚባለው ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ መኪናው ያምራል ወይ የሚል አይደለም፤ ማማሩን ማንም አይክድም። ጥያቄው በቡናና በጫት የተገኘ ገንዘብ እዚያ ውስጥ ሲገባ ምን ያስገኛል፣ ምንስ ያሳጣል የሚል ነው።

«ቪ8» የትኛው ነው?

ቶዮታ የዚህን መኪና የመጀመሪያ ሞዴል የሠራው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን «ላንድክሩዘር» የሚለው ስም የወጣለት በ1954 ነው። በአገራችን ገበያ «ቪ8» የሚባለው በተለይ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቶ በ2021 በ300 ሞዴል የተተካው 200 ነው። ስሙን ያገኘው ስምንት ሲሊንደሮቹ በ«ቪ» ቅርጽ ከተደረደሩበት ሞተር ነው። ተተኪው 300 ሞዴል ግን ስድስት ሲሊንደር ብቻ ያለው በመሆኑ፣ «የ2022 ቪ8 ነው» እያለ የሚያስማማ ደላላ ካጋጠመ ገዢው ቆም ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ለሐረርጌ መንገድ የሚመረጠው ባለ 4.5 ሊትር ናፍጣ ሞተሩ ነው። ምክንያቱም ሁለት ተርቦ ስላለው በከፍታ ቦታ ጉልበቱ ብዙም አይቀንስም። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1 ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል። አዋሽ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ ሜትር አትሞላም፤ ጭሮ ደግሞ 1 ሺህ 8 መቶ ሜትር ግድም ላይ ናት። ሚኤሶን አልፎ ወደ ጭሮ የሚወጣ ሾፌር ልዩነቱን በእግሩ ያውቀዋል።

ነዳጁስ? በዳገትና በቁልቁለት መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ይፈጃል ብለን እናስላ። ከአዲስ አበባ ጭሮ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልሱ 85 ሊትር ገደማ ይወስዳል። ብዙዎቹ መኪኖች 93 እና 45 ሊትር የሚይዙ ሁለት ታንከሮች ስላሏቸው አንድ ጊዜ ከተሞላ መንገድ ላይ መሰለፍ ሳያስፈልግ ደርሶ ይመለሳል። አንባቢ 85ን በዕለቱ የማደያ ዋጋ አባዝቶ በወር ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ቢቆጥር የነዳጅ ወጪውን ራሱ ያገኘዋል።

ዋጋው ለምን ወጣ?

የቪ8 ዋጋ የወጣው መኪናው ስለተሻሻለ ሳይሆን በሩ ስለተዘጋ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለና ከ1 ሺህ 8 መቶ ሲሲ በላይ ሞተር ባለው አውቶሞቢል ላይ 500 በመቶ ጣለ። በጥቅምት 2015 ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲደረግ የነዳጅ አውቶሞቢሎች ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በይፋ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ቀድሞ የገዛ ሁሉ አተረፈ።

ይሁን እንጂ ይህ ትርፍ የመጣው ከፖሊሲ እንጂ ከመኪናው አይደለም። ፖሊሲ የሰጠውን ፖሊሲ ሊወስደው ይችላል። በሌላ በኩል መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ማበረታታት ሲጀምር ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡን 15 በመቶ አድርጎ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጓቸው ነበር። በዚህም አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ለሚንቀሳቀስና ምቾት ለሚፈልግ ሰው ሌላ አማራጭ መጥቷል። ይህ ገዢ ከቪ8 ገበያ በወጣ ቁጥር የመኪናው ዋጋ ሁልጊዜ ሽቅብ ይሄዳል ብሎ መተማመን ያስቸግራል። ለጭሮ ሰው ግን የኤሌክትሪኩ ነገር ገና ነው። 325 ኪሎ ሜትር ከመውጣቱ በፊት የት ቻርጅ እንደሚያደርግ ማወቅ አለበት።

የቆመ ገንዘብ ሒሳብ

ለስሌት እንዲመች አንድ የገለምሶ ቡና አቅራቢ 10 ሚሊዮን ብር አለው እንበል። ይህን ገንዘብ በንግዱ ቢያዞር በዓመት 20 በመቶ ያተርፍበታል ብለን እናስብ፤ 2 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። ገንዘቡን በቪ8 ካዋለው መኪናው ገና ነዳጅ ሳይጠጣና ጎማ ሳይቀየርለት በወር 167 ሺህ ብር ገደማ እያስወጣው ነው ማለት ነው። ወጪው ከኪስ ስለማይወጣ አይታይም እንጂ ወጪነቱ አይቀርም።

ነገሩ ይበልጥ የሚከፋው በቡና ወቅት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ገበሬው ቡናውን ይዞ ሲመጣ የሚፈልገው ጥሬ ገንዘብ ነው። ጫት ደግሞ ተቆርጦ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካልተሸጠ ዋጋ የሌለው በመሆኑ ገንዘቡ በየዕለቱ ይዞራል። በዚህ ወቅት ገንዘቡን በመኪና ላይ ያሰረ ነጋዴ ወይ በወለድ ይበደራል፣ ወይ መኪናውን በጥድፊያ ይሸጣል። በጥድፊያ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ዋጋ የሚቆርጥለት ገዢው ነው።

ሲገዙ ምን ይታይ?

በመጀመሪያ ወረቀቱ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰሉ በዐይን ይታይ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ይጠየቅ። በቀረጥ ነጻ መብት የገባ መኪና ከሆነ መብቱ ወደሌለው ሰው ሲዛወር ቀረጥና ታክሱ ይከተለዋል፤ በርካሽ የተገዛው መኪና ከሁሉ የተወደደ የሚሆነው ያኔ ነው። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበትም ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ቢሮ ሳይጣራ ቀብድ አይከፈል።

ቀጥሎ አካሉ። ኪሎ ሜትሩን ወደ ኋላ መመለስ ስለሚቻል ከቆጣሪው ይልቅ የፔዳሉና የመሪው መበላት ይታመናል። ሞተሩ ጠዋት በቀዝቃዛው ይነሳ፤ ጭሱና የዘይቱ መጠን ይታይ። የናፍጣው ኢንጀክተሮች ቆሻሻ ነዳጅ አይወዱም፤ በበርሜል ናፍጣ የኖረ መኪና ሕመሙ የሚገለጸው ከተሸጠ በኋላ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ፈተና እዚያው ሰፈር አለ፦ ኤሲ ከፍቶ ከሚኤሶ ጭሮ ዳገቱን መውጣትና የሙቀት መለኪያውን መመልከት። ሻጩ ለዚህ ሰበብ ካበዛ መልሱ ተገኝቷል።

ለማን ይበጃል?

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1920ዎቹ ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ ከዋና ሥራዎቻቸው አንዱ መንገድ ማውጣት ነበር፤ የአካባቢው ሀብት ያለ መንገድ ገበያ እንደማይደርስ ገብቷቸዋል። ዛሬም ሚዛኑ መንገዱ ነው። በወር ብዙ ቀን ወደ በዴሳ፣ ገለምሶና መቻራ ገጠሮች የሚወጣ፣ ቤተሰብና ሠራተኛ የሚጭን፣ የወቅቱን የቡና ገንዘብ ለይቶ ያስቀመጠና ትርፍ የተረፈው ሰው ቪ8 ቢገዛ አይቆጭም። መኪናው ጠንካራ ነው፤ ሜካኒኩም ያውቀዋል። ሥራው ከጭሮ ገበያ የማይወጣ ነጋዴ ግን በዚያው ገንዘብ የጭነት መኪናና የቡና ማከማቻ ቢያስብ ይሻለዋል፤ ለገጠሩ ፒክአፕ ይበቃዋል። ለክብር የሚገዛም አይከለከልም፤ ብቻ ወጪውን «ኢንቨስትመንት» ብሎ በመዝገቡ ላይ አይጻፍ። አበው «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ያሉት ለዚህም ይሠራል።