በኩልፎ ዳር ማደር፣ በጫሞ ላይ መቅዘፍ

ኩልፎ ከጉጌ ተራሮች ወርዶ አርባ ምንጭን ካለፈ በኋላ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክን ጫካ አቋርጦ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። አባያ ሞልቶ ሲተርፍም ውሃው ወደ ጫሞ የሚሻገረው በዚሁ በኩልፎ በኩል ነው።

በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመው በዚህ ፓርክ ውስጥ ድንኳን ለመትከል እኔ የምመርጠው የወንዙን ጫካ ነው። በበጋ ዙሪያው ሲደርቅ ይህ ጫካ ለምለም ነው፤ ምክንያቱም ዛፎቹ ዝናብ አይጠብቁም፣ ከተራራው ግርጌ የሚፈልቀው የከርሰ ምድር ውሃ ሥራቸው ድረስ ይመጣላቸዋል። ከተማዋ ስሟንም የመጠጥ ውሃዋንም ያገኘችው ከነዚሁ ምንጮች ነው። ግዙፎቹ ሾላዎች ላይ ጉሬዛ ይዘላል። ዝንጀሮ ስንቅ ይነጥቃልና ምግብ ሜዳ ላይ አይተውም። ድንኳኑ ከውሃው ራቅ ይበል፤ ጉማሬ ሳር ሊግጥ የሚወጣው ሌሊት ነው፣ መንገዱ ላይ ተኝቶ መገኘት አይገባም። መሣሪያ የያዘ ስካውት አብሮ ማደሩም ለዚህ ነው።

ሐይቁ ላይ ግን እንግዳ ራሱ እንዳይቀዝፍ እመክራለሁ። ኩልፎ ጫሞን በሚቀላቀልበት አካባቢ ያለው ዳርቻ «አዞ ገበያ» የተባለው ትልልቅ አዞዎች ፀሐይ ለመሞቅ በብዛት ስለሚወጡበት ነው። ጎብኚ ወደዚያ የሚሄደው በሞተር ጀልባ ነው፤ ነፋስ ተነስቶ ውሃው ሳይናወጥ በጠዋት መውጣት ይሻላል።

መቅዘፍን የሚያውቁት ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። ታንኳቸው የሚሠራው አምባች ከሚባል በሐይቅ ዳር ውሃ ውስጥ ከሚበቅል ተክል ነው። ግንዱ ወፍራም ቢመስልም እንደ ቡሽ ቀላል ነው። ግንዶቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ይታሰራሉ፣ ቀጭኑ ጫፋቸው ወደ ፊት ሆኖ ቀና ይላል። ታንኳው ሆድ ስለሌለው ውሃ ሞልቶት አይሰምጥም፤ በግንዶቹ መካከል የገባው ተመልሶ ይወጣል፣ ቀዛፊው ግን ከወገቡ በታች እንደረጠበ ነው የሚውለው። እንጨቱ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

በዚህ ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰውና አዞው የሚለያዩት በስንዝር ነው። መረቡን ግን ይጥላል፣ ቆሮሶውን ያወጣል፤ ሕይወቱን የከፈለም አለ። እንዲህ ያለው ሙያ ሊከበር ይገባል። ስለዚህ ጀልባችሁ ታንኳ አጠገብ ስትደርስ ነጂው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ንገሩት፤ ሞተሩ የሚያስነሳው ማዕበል ከታንኳው ጠርዝ ይበልጣል።