ስለ አየር ጠባይና ስለ ሰው ዕድሜ

የሀገራችን ሰው ምድሩን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ ከከፈለ፣ ከላይ ውርጭን ከታች በረሃን ከጨመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ይህ አከፋፈል ስለ እህሉ፣ ስለ ከብቱና ስለ በሽታው ብዙ ቢነግረንም፣ በአንድ ደጋ፣ ያውም በአንድ ጣራ ሥር፣ ሕፃኑ፣ ጎልማሳውና አረጋዊው ያንኑ አየር በልዩ ልዩ ሥጋ እንደሚቀበሉት ግን አይነግረንም። ስለዚህ ነገር ያለፉት ሰባና ሰማንያ ዓመታት ጠበብት ብዙ መርምረዋል፤ የምርመራቸውን ፍሬ ነገር በአጭሩ መቃኘት፣ በተለይ አረጋዊና ጨቅላ በአንድ ቤት ለሚያድሩበት ሕዝብ፣ የሚገባ ይመስለኛል።

የሰው ሥጋ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሆኖ ይጸና ዘንድ ግድ ነው። ዐርፎ የተቀመጠ ጎልማሳ 100 ዋት ያህል ሙቀት ሳያቋርጥ ያመነጫልና፣ ይህን በጨረር፣ በነፋስ፣ በንክኪና በላብ ትነት ካላስወጣ ይግላል፤ ከመጠን በላይ ካስወጣም ይቀዘቅዛል። ገቢውና ወጪው ያለ ድካም ሲተካከሉ ሰው ምቾት ያገኛል፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ስለ አየሩ ማሰብን ፈጽሞ ይተዋል። ይህን ሚዛን በቁጥር ለመግለጥ ከደከሙት ሁሉ ስመ ጥር የሆነው ዴንማርካዊው ሊቅ ፖቭል ኦሌ ፋንገር በ1970 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ምቾት በአየሩ ሙቀት፣ ከግድግዳና ከጣራ በሚመጣው ጨረር፣ በእርጥበቱ፣ በነፋሱ ፍጥነት፣ በልብስና በሥራው ክብደት እንደሚወሰን አስረዳ፤ ዛሬም ብዙ ቢሮዎች የሚሞቁበትና የሚቀዘቅዙበት ደንብ ከዚህ ትምህርት የወጣ ነው። ዕድሜ ከእነዚህ መካከል የለም። ፋንገር ነገሩን ዘንግቶት አይደለም፤ ተማሪዎችንና አረጋውያንን መርምሮ የሚመርጡት ሙቀት እምብዛም እንደማይለያይ አግኝቷል፤ አረጋዊው የሚያመነጨው ሙቀት ቢያንስም፣ ከቆዳው የሚተንነው ውኃ ደግሞ ያንሳልና። ግኝቱ ጤነኛ ሰው ተቀምጦ ስለሚመርጠው አየር ይናገራል እንጂ፣ አየሩ ከመጠን ሲያልፍ እያንዳንዱ ዕድሜ ራሱን ለመጠበቅ ስላለው ኃይል አይናገርም። ከእርሱ በኋላ ማይክል ሃምፍሪስና ፈርገስ ኒኮል የተባሉ እንግሊዛውያን ሰው አየሩን ዝም ብሎ የሚቀበል ፍጡር ሳይሆን መስኮት የሚከፍት፣ ልብስ የሚደርብና የሚቀንስ፣ ለሀገሩ አየር የሚለምድ መሆኑን አስረዱ፤ ይህም እውነት ነው፤ ነገር ግን ጨቅላ መስኮት አይከፍትም፣ አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊም ተነሥቶ ልብስ አይደርብም። ጨቅላው የሚሰማውን መናገር አይችልም፤ አረጋዊው የሚጎዳውን ሁልጊዜ አይሰማውም፤ ስለዚህ የሁለቱም ምቾት በመካከላቸው ባለው በጎልማሳው እጅ ተቀምጧል፤ እርሱ ደግሞ የሚፈርደው በራሱ ቆዳ ነው።

ጨቅላ ከእናቱ ማኅፀን ሲወጣ ገላው የራሰ ነው፤ የቆዳው ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከጎልማሳ ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ እንደ ጎልማሳ ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅም አይችልም። ፈጣሪ ግን ያለ ስንቅ አልሰደደውም፤ በማጅራቱ፣ በትከሻዎቹ መካከልና በኩላሊቶቹ ዙሪያ ቡናማ ስብ የሚባል አለው፤ ይህ ስብ እየነደደ ያሞቀዋል፤ ያለ ጊዜው የተወለደው ግን ስንቁ ሳይሞላለት ይመጣል። ዕርቃኑን የተቀመጠ ጎልማሳ በ28 ወይም በ30 ዲግሪ ገደማ ሳይቸገር ሲቆይ፣ ዕርቃኑን ያለ ጨቅላ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ይሻል። የዓለም የጤና ድርጅት የማዋለጃ ክፍል ከ25 እስከ 28 ዲግሪ እንዲሞቅ፣ ልጁም ወዲያው ተጠርጎ በእናቱ ደረት ላይ እንዲጋደምና 24 ሰዓት ሳይሞላው እንዳይታጠብ የሚመክረው ስለዚህ ነው፤ አዋላጂቱን በሚያልባት ክፍል ሕፃኑ ይድናል፣ ለእርስዋ በሚስማማት ክፍል ግን ይቀዘቅዛል። በ1958 አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ሲልቨርማንና ባልደረቦቹ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በሁለት ወገን ከፍለው የአንዱን ወገን ማሞቂያ ሣጥን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ቢጨምሩለት፣ በሞቀው የተኙት በብዛት በሕይወት ተረፉ። ሣጥን በማይበቃበት ቦታ የእናት ገላ እንደሚተካው በ1978 በኮሎምቢያ ከተማ በቦጎታ ዶክተር ኤድጋር ሬይ አሳየ፤ በአዲስ አበባም ሐኪሞች ይህንኑ ፈትነው በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በእናታቸው ደረት የታቀፉት ከሌሎቹ ይልቅ መትረፋቸውን ገልጠዋል። እናት በደጋ ልጅዋን ይዛ፣ ወንድ ቢሆን እስከ 40 ሴት ብትሆን እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ ከቤት ሳትወጣ መቆየትዋ ከሃይማኖቱ ሥርዓት ጋር ሥጋንም የሚጠብቅ ነው እላለሁ፤ የምድጃው ጢስ ግን የሕፃኑን ሳንባ ይጎዳልና ሙቀቱ ተጠብቆ ጢሱ መውጫ ሊያገኝ ይገባል። በቆላ ደግሞ ከብርድ ይልቅ የሚያሰጋው መደራረቡ ነው፤ ጨቅላ የደረቡበትን ገፎ መጣል አይችልምና።

ልጅ ከፍ ሲል ብርዱን በሩጫ ይረሳዋል፤ ሙቀቱ ግን ሌላ ነገር አለው። ከጉርምስና በፊት ላብ ጥቂት ስለሆነ፣ ልጅ የሚቀዘቅዘው ይልቁን ደሙን ወደ ቆዳው በመላክ ነው፤ አየሩ ከቆዳው ሙቀት፣ ማለት ከ35 ዲግሪ ገደማ፣ ሲያልፍ ግን ይህ መውጫ መግቢያ ይሆንበታል፤ ጥላና ውኃ ከመጫወቻው ሜዳ እንዳይርቁ ማድረግ የመምህራን ፋንታ ነው።

ስለ ጎልማሳው ብዙ መናገር አያሻም። አንድ ሊትር ላብ በቆዳው ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ወደ ሞቃት አገር የሄደም ሰው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ሥጋው ይለምዳል። ነገር ግን ከደጋ ተነሥቶ ወደ ዐረብ ባሕረ ሰላጤ ለሥራ የሚሄደው ወጣት፣ አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ላቡ ሳይተን ስለሚንጠባጠብ፣ ጉልበቱ ብቻውን አያድነውም፤ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በአውሮፓውያን ወር ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ሥር መሥራት በሕግ የተከለከለው ስለዚህ ነው።

በእርጅና ዘመን ላብ የሚያመነጩት ዕጢዎች ይደክማሉ፣ ልብ ደምን ወደ ቆዳ የሚገፋበት ኃይል ያንሳል፣ በሰውነት ውስጥ ያለው ውኃም ይቀንሳል፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ጥማትና የሙቀት ስሜት መደንዘዛቸው ነው። ሥጋው እየደረቀ ሳለ አረጋዊው «ደኅና ነኝ» ይላል፤ ውሸቱን አይደለም፣ የሚሰማውን ነው የሚናገረው። ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጡት አንዳንድ መድኃኒቶችም ውኃን ከሥጋ ስለሚያስወጡ አደጋውን ያብሱታል። በ2003 በነሐሴ ወር በፈረንሳይ በወረደው ታላቅ ሙቀት 15,000 ያህል ሰዎች ሲሞቱ፣ አብዛኞቹ 75 ዓመት ያለፋቸው ነበሩ፤ ወሩ ሕዝቡ ለዕረፍት ከከተማ የሚወጣበት ነበርና ብዙዎች ብቻቸውን ነበሩ። በኋላ በተደረገው ምርመራ፣ ከጣራው በታች ባለው በመጨረሻው ፎቅ መተኛት ለሞት ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። ሌሊቱ ስላልቀዘቀዘ፣ ቀን የደከመው ልብ የሚያርፍበት ሰዓት አላገኘም።

ብርድም አረጋዊን በስውር ይጎዳል፤ የደም ሥሮቹ ሲኮማተሩ የደም ግፊቱ ይነሣል፣ ልቡም ይጨነቃል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ብርድ ባለበት አገር የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ እንዳይወርድ ይመክራል፤ ለአረጋውያንና ለሕፃናት ከዚህ ከፍ ማለት ሊያስፈልግ እንደሚችል ይናገራል። በደጋው አገራችን በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ይህን ያህል የሚሞቅ ቤት ስንት ይገኛል? ጋቢና ቡልኮ የሚደረበው፣ ሽማግሌው ጠዋት ከግድግዳው ሥር ፀሐይ የሚሞቀው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

በብዙ ስፍራ የሣር ክዳን በቆርቆሮ ተተክቷል፤ ዝናብን ስለሚከላከልና ስለማይቃጠል መተካቱ አያስነቅፍም፤ ሣሩ ግን ሙቀትን የሚገታ ነበር፤ ቆርቆሮው በቆላ ቀን ያለውን ግለት፣ በደጋ ሌሊት ያለውን ብርድ ወደ ቤት ያስገባል። ጎልማሳው ቀኑን በሥራ ስለሚያሳልፍ ከዚህ ጣራ ሥር የሚውሉት አያትና ጨቅላ ናቸው። ከቆርቆሮው ሥር ግለቱንና ብርዱን የሚገታ ኮርኒስ ለማሠራት ገንዘቡ ለቤቱ ሁሉ የማይበቃ ከሆነ፣ እንግዳ ከሚቀበሉበት ክፍል በፊት እነርሱ በሚተኙበት ይሠራ።