ለካንሰር ታማሚ ድካም «ተኛ፣ አትነሳ» ሁሌ መፍትሔ አይደለም

ዛሬ የምጽፈው በተለይ የካንሰር ታማሚ ሆስፒታል ተኝቶባችሁ ለምታስታምሙ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ኬሞ የሚወስድ ታማሚ «ዶክተር፣ ደከመኝ» ሲለኝ መልሴ አንድ ነበር፦ «እረፍት ያድርጉ»። ቤተሰብም ይሄን ከሰማ በኋላ ታማሚውን ከአልጋ አያስነሳውም። አጥሚቱ አልጋ ላይ፣ መታጠቡ አልጋ ላይ፣ ሽንት እንኳን አልጋ ላይ። ሁላችንም ደግ የሠራን ይመስለን ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ አንዲት የዋርድ ነርስ ናት። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ የአንጀት ካንሰር ታማሚ ነበሩን። በኢንፌክሽን ገብተው ትኩሳቱ ከለቀቃቸው በኋላም ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ልጃቸው «እማዬ እንዳትደክሚ» እያለች ማንኪያውን ሳይቀር ከእጃቸው ትቀበላቸዋለች። አንድ ቀን ጠዋት ሲስተር ግፊታቸውንና የልብ ምታቸውን ለካች፣ የደም ምርመራቸውን አየችና «እናቴ፣ ዛሬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እንላለን፣ ነገ እስከ መስኮቱ እንሄዳለን» አለቻቸው። ልጅቷ ተቆጣች። እኔም በሆዴ ከልጅቷ ጋር ነበርኩ።

በአራተኛው ቀን የግሉኮስ ማንጠልጠያውን እየገፉ ኮሪደር ላይ አየኋቸው። ድካማቸው አልጠፋም። ድካሙን ከ0 እስከ 10 ስጡት ሲባሉ 8 ይሉ የነበሩት ከሳምንት በኋላ 5 አሉ። ለእሳቸው ግን ትልቁ ነገር ቁጥሩ አልነበረም፤ ሽንት ቤት በራሳቸው እግር መሄዳቸው ነው።

ምን ሆኖ ነው? የካንሰር ድካም ቤት ስናጸዳ ውለን እንደሚሰማን ድካም አይደለም። ያኛው በእንቅልፍ ይወጣል፤ ይሄኛው ሌሊቱን ሙሉ ተኝተውም ጠዋት እዚያው ነው። ካንሰሩ ራሱ፣ ኬሞው፣ ደም ማነሱ፣ ሕመሙ፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ፣ ጭንቀቱ ተደራርበው ያመጡታል። እዚህ ላይ መተኛት ሲጨመርበት ጡንቻ በቀናት ውስጥ መሟሸሽ ይጀምራል፣ ልብም ሥራ ይፈታል። ትናንት ቀላል የነበረው ሦስት እርምጃ ዛሬ ያለከልካል። ስለደከመው ይተኛል፣ ስለተኛ የባሰ ይደክመዋል።

በ2017 እ.ኤ.አ. ጃማ ኦንኮሎጂ ላይ የወጣ፣ 113 ጥናቶችንና ከ11 ሺህ በላይ ሰዎችን ያጠቃለለ ትንታኔ፣ ለዚህ ድካም የአካል እንቅስቃሴና የሥነ ልቦና ሕክምና ከመድኃኒት የተሻለ እንደሚሠሩ አሳይቷል። እርግጥ ስለ እንቅስቃሴ ያለን ብዙው መረጃ የመጣው እየተመላለሱ ከሚታከሙ ሰዎች ነው። ለተኛ ታማሚ መጠኑን በደንብ ማሳነስ ያስፈልጋል።

ለዚህ ደግሞ ከነርስ የተሻለ ሰው የለም። እኔ ራውንድ ላይ አምስት ደቂቃ አይቼው እሄዳለሁ። ሌሊት ያስመለሰውን፣ ማስታገሻው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሠራለት፣ የትኛው ሰዓት ላይ ፈካ እንደሚል የምታውቀው ሲስተር ናት። እኛ አገር አንዲት ነርስ ብዙ ታማሚ ስለሚኖራት ሁሌ አብራ ልትራመድ አትችልም። ታስጀምራለች፣ ለአስታማሚው ታሳያለች፣ መጠኑን ትቆጣጠራለች።

የሚሠራው ነገር ጂም አይደለም። መነሳት ለማይችል፦ እንደተኛ የእግር ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች አሥር ጊዜ ማንቀሳቀስ፣ ጉልበትን ማጠፍና መዘርጋት። ሻል ሲል ተደግፎ መቀመጥ፣ ይዞ መቆም፣ ከዚያ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በእግር መሄድ። እየሄደ ከእናንተ ጋር ማውራት ካቃተው በዝቶበታል፤ ቁጭ ይበል።

አሁን ይሄን በደንብ አንብቡልኝ። ሙቀቱ 38 ከደረሰ እንቅስቃሴው ይቅርና ወዲያው ለሲስተር ንገሩ፤ ኬሞ ላይ ላለ ሰው ትኩሳት ድንገተኛ ነው። ደረት ላይ ሕመም፣ አዲስ የትንፋሽ ማጠር፣ ማዞር፣ መድማት፣ አንድ እግር ብቻ ማበጥ ካለም እንደዚያው። ካንሰሩ አጥንት ላይ ደርሷል ከተባለ፣ ወይም ደሙ ወይም ፕላትሌቱ በጣም ወርዷል ከተባለ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አታስነሱ። የጀርባ ሕመምና የእግር መዛል አብረው ከመጡ ደግሞ ለነገ አይባልም። ድካሙ በድንገት ከባሰም «እንቅስቃሴ አንሶት ነው» አትበሉ፤ ይመርመር።

ነገ ጠዋት ሲስተርን «ዛሬ ማስነሳት እንችላለን? ምን ያህል?» ብላችሁ ጠይቋት። ቤት ያላችሁ ደግሞ ስትመጡ ከአጥሚቱ ጋር ተረከዙን የሚይዝ፣ የማያንሸራትት ጫማ ያዙላቸው። በሚያንሸራትት ነጠላ ጫማ ኮሪደር ላይ የወደቀ ታማሚ አይቻለሁ።